የትነበርሽ ውሸት ነው ያለችው መልእክት

እኔ ወሬ አልወድም። ይህን ስል ባለቤቴ ወለላ ፊቷን ታዞራለች፤ ስትስቅ እንዳላያት ነው። ቢሆንም አልወድም። ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተማርሁ፤ ጡረታ ስወጣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው መደዳ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትሁ። የሰው መታወቂያና የሰው የፍርድ ቤት ወረቀት ሳባዛ እውላለሁ። ከግድግዳዬ ማዶ የየትነበርሽ የሞባይል ጥገና ቤት ነው። ግድግዳው ኮምፖንሳቶ ስለሆነ እሷ ስታነጥስ እኔ "ይማርሽ" እላለሁ።

ስለሷ ለመጻፍ የተነሣሁት ሰው የሚያወራው ሁሉ ስላናደደኝ ነው። ዛሬ በዚህ ከተማ ስሟ ሲነሣ ግማሹ "ያች የሟቹን ድምፅ ያጠፋችው" ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ "እሷ ምን ታድርግ፣ አፕዴቱ ነው የበላው" ይላል። እኔን ይበልጥ የሚያናድዱኝ የሚያዝኑላት ናቸው። ምክንያቱን ስደርስበት እናገራለሁ።

የትነበርሽ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የማክሰኝት ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለት ዓመት ኤሌክትሪካል ተማረች፤ አባቷ ሲሞቱ ትምህርቱን ትታ እናቷን መጦር ያዘች። ስልክ መጠገን የተማረችው በራሷ ነው፤ የተበላሸ እየገዛች፣ እያፈረሰች፣ እያቃጠለች። ስልክ ስትፈታ ብሎኖቹን በለስላሳ ቆርኪ ለይታ ታስቀምጣለች፤ የአንዱን ስልክ ብሎን ለሌላው አትሰጥም። ባለቤቱ ፊቷ ካልቆመ የማንንም ስልክ አትከፍትም። አፏ ግን ስለት አለው። ስክሪኑ የተሰበረበትን ወጣት "ከእጅህ ወድቆ ነው ወይስ ከእሷ እጅ?" ብላ ስታፋጥጥ ከማዶ ሆኜ ብቻዬን እስቃለሁ።

የገጠር ደንበኞቿ የሚወዷት በሌላ ነገር ነው። የስልካቸውን ቀንና ሰዓት በሐበሻ አድርጋ ታስተካክልላቸዋለች። ስልክ ሲገዛ የፈረንጅ ቀን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ገበሬው ዓመተ ምሕረቱንም ሰዓቱንም ሲያይ ግራ ይገባዋል። እሷ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ፣ ራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውን ታጠፋና ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን በእጇ በእኛ አቆጣጠር ትሞላለች። "አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተስማማ" ብላ ትመልስላቸዋለች። ለዚህ ዋጋ ጠይቃ አታውቅም። ስንት መቶ ስልክ እንዲህ እንዳደረገች እግዚአብሔር ይወቀው።

ዳኝነቷም እንደዚሁ በነፃ ነበር። በቴሌግራም የሚዞረው ማስጠንቀቂያ ሁሉ እሷ ጋ ይመጣል። ኔት ለወራት ተቋርጦ ሲለቀቅ የተጠራቀመው ወሬ ባንድ ጊዜ ገባብንና ሰው ስልኩን እንደ እባብ ይፈራው ጀመር። ዛሬ ማታ ከጠፈር ጨረር ስለሚመጣ ስልካችሁን ከራስጌያችሁ አርቁ። በዚህ ቁጥር ከተደወለ እንዳታነሡ፣ ይፈነዳል። አዲሱን አፕዴት የጫነ ሰው ካሜራው ሳያውቀው ይበራል። ሰው ተጨንቆ ሲመጣባት ከብየዳዋ ቀና ሳትል "አንብብልኝ" ትላለች። ሰምታ ስትጨርስ "ዛሬ የሚለው የቱን ዛሬ ነው?" ብላ ትጠይቃለች። ቀን የለውም። የትኛው ስልክ? አይልም። ማን አለ? ባለሙያዎች። የትኞቹ? ዝም። "መጨረሻው ላይስ ምን አድርግ ይላል?" ለሃያ ሰው ላክ ይላል። "በል አትላክ" ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ሁሉም ውሸት ነው ግን ብላ አታውቅም። አምና ብድር እንሰጣለን የሚል አፕ የሰው ስልክ ቁጥር እየዘረፈ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሁለት ቀን መረመረችና "ይህኛው እውነት ነው" አለች። ራሷ ጽፋ በሯ ላይ ለጠፈች፤ እኔ ነኝ ያባዛሁላት። ስለ አፕዴትም የምትለው የታወቀ ነው። አብዛኛው ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን ነው፤ አንዳንዴ አንዳንዱ ስልክ ላይ ጣጣ ያመጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እንዲጠፋብህ የማትፈልገውን ወደ ሌላ ቦታ ቅዳ፣ ከዚያ ጫን። ይህን ምክር ከግድግዳው ማዶ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ግንቦት ላይ አዲስ መልእክት መጣ። ሰሞኑን ወደየስልኩ የሚገባው አፕዴት የተቀዳ ድምፅና የተቀዳ ጥሪ ሁሉ ጠራርጎ ይሰርዛል፤ እንዳትጫኑ፤ የጫናችሁ አለቀላችሁ ይላል። ለእኔም ደረሰኝ። ለአሥራ አንድ ሰው ላክሁት። ለጥንቃቄ ብዬ ነው፤ ወሬ እንደማልወድ ተናግሬያለሁ።

አሁን አያ አላምረውን ላስተዋውቅ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቦታ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ስድሳ አምስት አልፏቸዋል፤ በአገራቸው የተጣላ ሲኖር የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ከትንሣኤ በኋላ በነበረ ሠርግ ላይ ክንዱ የሚባለው ልጃቸው ለሙሽራው ደስታ ሲተኩስ አፈሙዙ ዝቅ አለና ጥይቱ ጎረቤቱንና አብሮ አደጉን ይበልጣልን መታው። ይበልጣል እዚህ ከተማ ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝቶ ሞተ። ሟቹ የአያ አላምረው የክርስትና ልጅ ነበር። ክንዱ እጁን ለፖሊስ ሰጥቶ በዋስ ወጣ፤ የመንግሥቱ ክስ በራሱ መንገድ ይሄዳል። የአገሩ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እዚያ ደም ከፈሰሰ የሟች ወንድም አለ።

ይበልጣል በሁለተኛው ቀን፣ አልጋው ላይ ሆኖ፣ የሰው ስልክ ለምኖ ለአያ አላምረው ደውሎ ነበር። በሳቸው ስልክ ላይ ጥሪ የሚቀዳ አፕ አለ። የጫነችላቸው የትነበርሽ ናት፤ "ያለውን አላልሁም የሚል ሰው በዛብኝ" ብለው ለሽምግልናቸው ስላስጫኑት። የይበልጣል ቃል እዚያ ተቀዳ። እኔም አንድ ቀን ሰምቼዋለሁ። ድምፁ ደክሟል፣ ግን ጥርት ያለ ነው። "አያ፣ እኔ ነኝ። ክንዱን እንዳትቆጡት። እጁ አዳልጦት ነው፣ በዓይኔ አይቸዋለሁ። እንኳየሁ ሲመጣ ደሜን እንዳይፈልግ ንገሩልኝ።" ከዚያ ስለ በሬው ያወራል፤ ስለ ልጁ ያወራል፤ ትንሽ ያለቅሳል። አራት ደቂቃ ከምናምን ነው።

እንኳየሁ የይበልጣል ታላቅ ወንድም ነው። ሳንጃ ወርዶ ሰሊጥ እርሻ ላይ ሲሠራ ዓመት ከመንፈቁ ነው። ስልክ የማይደርስበት በረሃ ላይ ነበር፤ መንገዱም ተዘግቶ ስለሰነበተ ለቀብር አልደረሰም። መርዶው ሲደርሰው በሰው የላከው ቃል አንድ ነው። "የሽማግሌ ወሬ አልሰማም። ወንድሜ ብሎ እንደሆነ ከራሱ አፍ አሰሙኝ። አለዚያ ክንዱን አልተወውም።" ደም አድራቂዎቹ ሽማግሌዎች ከአርባው ቀጥሎ ላለው እሑድ ቀጠሮ ያዙ። የክንዱ ነፍስ ያለችው እንግዲህ በአባቱ ኪስ፣ በዚያ ስልክ ውስጥ ነበር። የትነበርሽ ድምፁን ወደ ሚሞሪ እንድትቀዳው ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ጠይቃቸው ነበር። "የሟች ድምፅ አርባው ሳይወጣ በየቦታው አይበተንም" ብለው እምቢ አሉ። እሷም አልተጫነቻቸውም።

ቀጠሮው ስምንት ቀን ሲቀረው ቅዳሜ አያ አላምረው እኔ ጋ ገቡ። የሽማግሌዎቹን ስምምነት ሊያባዙ ነው። ወረቀቱ እስኪወጣ ያ መልእክት በሌላ ሰው በኩል ዞሮ ወደ እኔው ስልክ ተመለሰ። እኔም አፌ አያርፍምና ጮክ ብዬ አነበብሁት።

"የተቀዳ ድምፅ ነው ያልህ?" አሉኝ።

"አዎ አያ። እንዲያው ጥንቃቄ ነው እንጂ…"

ከኮታቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ስልካቸውን አወጡ። "ይኸ ሦስት ቀኑ፣ ጫን ጫን እያለ ይነተርከኛል። ሳላውቅ በጣቴ የነካሁት እንደሆነስ? በኪሴ ራሱ የጫነው እንደሆነስ?"

ወደ የትነበርሽ ይዣቸው ገባሁ። አራት አምስት ሰው ባንኮኒዋ ላይ ተደግፏል። ከጧት ጀምሮ ስለዚያው መልእክት የጠየቃት ሰው አያ አላምረው ዘጠነኛው ነበሩ፤ ትዕግሥቷ አልቋል። አንድ ቻርጀር ሊገዛ የመጣ ሰው ደግሞ "ይህኛውስ እውነት ነው፣ የጎረቤቴ ልጅ ላይ ደርሷል" እያለ ሲሟገታት ደረስን።

"ውሸት ነው አያ" አለቻቸው። "አፕዴት የሰው ድምፅ አይበላም።"

"እርግጠኛ ነሽ ልጄ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"እንግዲያማ አንችው ጫኝውና ይተወኝ። ልቤን አወለቀው።"

የትነበርሽ ስልኩን ተቀበለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወደ መሳቢያዋ ሄዳ የመቅጃውን ገመድ አወጣች። መጀመሪያ ድምፁን ወደ ሌላ ቦታ ልትቀዳ ነበር። ያ የቻርጀር ሰውዬ ገመዱን አየና ሳቀ። "አየሽ፣ አንችም ፈርተሻል" አላት። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ለምን እንደሳቅሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። የትነበርሽ ፊቷ ቀላ። ገመዱን መሳቢያው ውስጥ መለሰችው።

ጫን የሚለውን ስትነካው ስልኩ አልገናኝም አለ። ምክንያቱ ወዲያው ገባት፤ በየቀኑ የምታየው ነገር ነው። "ቀኑ በሐበሻ ስለሆነ ነው። የራሱን ቀን እንዲይዝ ላድርገውና ስጨርስ እመልስልዎታለሁ" አለቻቸው። ቀኑን ለቀቀችው፤ ስልኩም የፈረንጁን ቀን ያዘ። አፕዴቱ ወረደ፣ ተጫነ፣ ስልኩ ጠፍቶ በራ። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ፈጀ። አያ አላምረው ቆመው ጸሎት ያደርጉ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ስታበቃ ቀኑን ወደ ሐበሻ መለሰችና ለሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ የመቅጃውን አፕ ከፈተች።

ባዶ ነበር። "ምንም ቅጂ የለም" ይላል።

ዘግታ ከፈተችው። ሌላ ቦታ ፈለገች። እንደገና ከፈተችው። የቻርጀሩ ሰውዬ "አላልሁሽም?" አለና ወጣ፤ ለማን ሊነግር እንደሮጠ አላውቅም። አያ አላምረው አልጮኹም። ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩና "ሌላ ቦታ አስቀምጠሽው ይሆን ልጄ?" አሉ። ያች አጠያየቅ አሁንም ስተኛ ትመጣብኛለች።

ሦስት ቀን ሱቋን ለሌላ ሰው አልከፈተችም። የጠፋ የሚመልስ የተባለውን ፕሮግራም ሁሉ ሞከረች፤ አዲስ አበባ ያሉ የምታውቃቸውን ልጆች በስልክ ለመነች። እኔ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ የቁልፍ ሰሌዳዋን ድምፅ እሰማለሁ፤ ሌላ ምንም አይሰማም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮምፖንሳቶውን ሁለቴ አንኳኳች። ሄድሁ። ዓይኗ አብጧል።

"አገኘሁት" አለችኝ።

"ድምፁን?"

"ምክንያቱን።"

ከእኔ ወረቀት አንዱን ወስዳ አስረዳችኝ። ያን የመቅጃ አፕ ስትጭንላቸው ስልካቸው እንዳይሞላ ብላ አንድ ነገር አስተካክላ ነበር፤ ዓመት ያለፈውን ቅጂ ራሱ እንዲሰርዝ። አያ አላምረው ስልኩን የያዙት ገና ዘንድሮ ነው፤ ዓመት የሞላው ቅጂ አልነበራቸውም። ግን እያንዳንዱ ቅጂ ሲቀዳ የተጻፈበት ቀን እሷ በእጇ የሞላችው የሐበሻ ቀን ነው። ስልኩ የሐበሻ ዓመት የሚባል አያውቅም። እሷ ለአፕዴቱ ስትል ቀኑን ስትለቀው ስልኩ ባንድ ጊዜ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ዘለለ። ከአፕዴቱ በኋላ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ አፑም በራሱ ተነሣና፣ እሷ ቀኑን ሳትመልሰው፣ ቅጂዎቹን ሁሉ የስምንት ዓመት አሮጌ አድርጎ ቆጠራቸውና የታዘዘውን አደረገ። የይበልጣል ቃል የአንድ ወር ዕድሜ ነበረው።

"ስለዚህ አፕዴቱ አይደለም" አልሁ።

"አፕዴቱ ምንም አላደረገም። መልእክቱ ውሸት ነው። ቀኑን የሞላሁት እኔ፣ ሰርዝ ያልሁት እኔ፣ ገመዱን የመለስሁት እኔ።"

ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና አለቀሰች።

ረቡዕ ዕለት መልእክቱ እንደገና መጣልኝ። አሁን ግን ከሥሩ ተጨምሮበታል። "ይህ ወሬ አይደለም። በጎንደር ከተማ የአንድ ሽማግሌ ስልክ ላይ የነበረ የሟች ኑዛዜ በሰው ፊት ተሰርዟል፤ በዓይናችን አይተናል" ይላል። አነበብሁት። እውነተኛ ምስክር አግኝቶ ነበር። ያን ቀን ስንት ሰው እንደላከልኝ ልቆጥር ሞክሬ ተውሁት። የትነበርሽ በሯ ላይ ምክንያቱን ጽፋ ለጠፈች፤ አሁንም ያባዛሁት እኔ ነኝ። ሰው ቆሞ ያነባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ "ምስኪን፣ ሌሎች ተናገሪ ብለዋት ነው" ብሎ ይሄዳል። የሚያዝኑላት የሚያናድዱኝ ለዚህ ነው።

ዓርብ አያ አላምረው መጡ። ሽማግሌዎቹ መክረዋል። እሑድ ለእንኳየሁ የሚነገረው አፕዴቱ እንደበላው ነው፤ አገሩ ሁሉ ያንን መልእክት ሰምቷል፤ ሳንጃም ደርሷል፤ ያምናል። የየትነበርሽ ስም ባይነሣ ይሻላል። እኔም ተስማማሁ። ምን ይደረግ፣ ሰው ሁሉ ያመነውን ነገር መካድ ለማን ይበጃል አልሁ። እኔ ታሪክ አስተማሪ የነበርሁት።

የትነበርሽ ሰማችንና "እኔ እመጣለሁ" አለች። "የሰው ነፍስ ባለበት ቦታ ውሸት ነው ያልሁትን ነገር እውነት ነው አልልም። ደግሞ እንኳየሁ ይህን ካላመነ ሽማግሌዎቹ ናቸው ያጠፉት ይላል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እኔን ይየኝ።"

"ልጄ፣ ሰውየው መሣሪያ ይዞ ነው የሚመጣው" አሏት አያ አላምረው።

"ይሁን።"

እሑድ ጧት የትነበርሽ፣ ከተማ የሰነበቱት አያ አላምረውና እኔ በሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ኬላ ላይ ሁለት ጊዜ ወረድን። ሰማዩ ከብዷል፣ ገና ግን አልዘነበም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሽማግሌዎቹ በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ክንዱ የለም፤ እዚህ እንዲቆም አልተፈቀደለትም፣ ከወንዙ ማዶ ዘመድ ቤት ነው። እንኳየሁ ብቻውን በአንድ ወገን ተቀምጧል። ጠይም፣ ቀጭን፣ የበረሃ ፀሐይ ያከሰለው ሰው ነው። ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል። አገጩ ላይ ያደገው ጢም የሐዘን ነው።

የትነበርሽ ተነሥታ መሐል ገባች። ነጠላዋን አደግድጋለች። ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው፤ ቀኑን፣ ዓመት ያለፈውን ሰርዝ ያለችውን፣ ገመዱን። የቻርጀሩን ሰውዬ ሳቅ እንኳ አልተወችም። እኔ ጠመንጃውን ነበር የማየው፤ ስለ እጁ መንቀሳቀስ ብቻ ነበር የማስበው። አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገብተው "እንግዲህ ይኸ አፕዴት የሚሉት…" ሲሉ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው።

"አንች ቃሉን ሰምተሽዋል?" አላት።

"ሰምቼዋለሁ።"

"እኔን ጠርቷል?"

"ጠርቶሃል። እንኳየሁ ሲመጣ ደሜን እንዳይፈልግ ንገሩልኝ ብሏል።"

"ስልኩን አምጭው።"

አያ አላምረው አውጥተው ሰጧት፤ ከፍታ አቀበለችው። "የት ጋ ነበር?" አላት። ጎንበስ ብላ ባዶውን ቦታ አሳየችው። በጣቱ ነካው። መልሶ ነካው። ስክሪኑ ሲጠፋ እንድታበራለት ሰጣት፤ አበራችለት። "ስንት ደቂቃ ነበር?" አላት። አራት ደቂቃ ከምናምን አለችው። እንኳየሁ ስልኩን ለአያ አላምረው መለሰላቸው።

"አምኜሻለሁ" አለ በመጨረሻ። "ውሸታም ይህን ሁሉ ራሱ ላይ አይቆልልም። እናንተንም አምኛለሁ። ክንዱ አልሞ እንዳልገደለው ሳንጃም እያለሁ ልቤ ያውቅ ነበር፤ አብረን ነው ያደግነው። እኔ ማስረጃ ልሰማ አልነበረም የመጣሁት። የወንድሜን ድምፅ ልሰማ ነው የመጣሁት። ዓመት ከመንፈቅ አልሰማሁትም። ስሜን ሲጠራ አንዴ ልሰማው ነበር።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንግዲያ ይቅር በል አሉት። ቃሉን ካመንህ ይቅር በል፣ ደሙ ይድረቅ።

"እሱ ይቅር በል ቢለኝ ይቅር እል ነበር" አለ እንኳየሁ። "በእናንተ አፍ ሲመጣ ሆዴ አልገባም አለኝ። ይቅር ብያለሁ ብዬ በእግዚአብሔር ቤት ፊት አልዋሽም። ክንዱ ከዚህ አገር ይሂድ። ማምሻውን ይሂድ። ባየው ምን እንደማደርግ እኔም አላውቀውም።"

ጠመንጃውን አንግቶ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ወጣ። አያ አላምረው ወደ ወንዙ ማዶ ተመለከቱ፤ ክንዱን ለመሸኘት ማን እንደሚሄድ እያሰቡ ይመስለኛል። አንድ ልጃቸው ነው።

ወደ መኪና መንገዱ እሳቸው ራሳቸው ሸኙን። ምነው አይመለሱም ብላቸው እምቢ አሉ። ክንዱ ወደ መተማ በኩል ሊሄድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚሆን ማንም አያውቅም። መንገዱ ዳር ስንደርስ የትነበርሽ እግራቸው ላይ ወደቀች። አነሧት።

"መልእክቱ ውሸት ነው ብለሽኝ ነበር" አሏት።

"ውሸት ነው አያ። ዛሬም ውሸት ነው።"

"አውቃለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ውሸት ነው እያልሁ ነው።" ከኮታቸው ስልኩን አወጡና ዘረጉላት። "ክንዱ የደረሰበት ደርሶ ሲደውል ይቀዳልኛል?"

"ይቀዳል።"

"የእሱስ አይጠፋም?"

ስልኩን ተቀበለች። መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ሴቲንጉን ከላይ እስከ ታች መመርመር ጀመረች፤ አንዱን ትከፍታለች፣ ታነባለች፣ ትዘጋለች፣ መልሳ ትከፍታለች። አያ አላምረው ከራስጌዋ ቆመው ይጠብቃሉ። ሚኒባሱ መጥቶ ጥሩምባውን ነፋልን። ረዳቱ የመጨረሻው ነው አለን። የትነበርሽ ቀና አላለችም፤ እኔም እንድትነሣ አልነገርኋትም፤ ሚኒባሱ ሄደ።